20 ሜጋፒክስልና አንድ የሽኝት ምሽት

በምሠራበት መሥሪያ ቤት ለዕለት ተዕለት ፎቶ የሚያገለግል አነስተኛ ዲጂታል ካሜራ እንዲገዛ ሲወሰን፣ የመምረጡ ኃላፊነት የተሰጠው ለእኔ ነበር። ካሜራው የሚፈለገው ለስብሰባ፣ ለሥልጠና፣ ለንብረት ቆጠራና ሠራተኞች ለሚሰበሰቡባቸው ዝግጅቶች ሲሆን፣ የተመደበው ገንዘብ ውስን ስለ ነበር የባለሙያ ካሜራ ይገዛ ያለ ማንም አልነበረም። ኃላፊዬም "ማንም አንስቶ ሊጠቀምበት የሚችል፣ ኪስ የሚገባ፣ ዋጋውም የማይከብደን ይሁን" ከማለት በቀር ሌላ መመሪያ አልሰጡኝም።

እኔም በአቅማችን ልክ ያሉትን ሦስት ካሜራዎች በአንድ ወረቀት ላይ ጎን ለጎን አስፍሬ ቁጥራቸውን ማነጻጸር ጀመርኩ። አንደኛው 12፣ ሁለተኛው 16፣ ሦስተኛው 20 ሜጋፒክስል (ፎቶው የሚሠራባቸው ነጥቦች ብዛት በሚሊዮን) ነበራቸው። ባለ 20ው ከሁሉም የረዘመ ዙም እንዳለው ማሸጊያው ላይ በትልቁ ተጽፎበት ነበር፤ ዋጋውም ከሦስቱ ዝቅተኛው ነበር። በቁጥር ሁሉን የሚበልጠው ካሜራ በዋጋ ከሁሉ ማነሱ ብቻውን ሊያጠራጥረኝ ይገባ ነበር፤ ያኔ ግን እንደ መልካም አጋጣሚ ቆጠርኩትና የግዥ መጠየቂያውን ሞልቼ አስፈረምኩ። ካሜራው የመጣ ዕለትም በእኩለ ቀን ፀሐይ ግቢ ውስጥ አውጥቼ ዛፉንና የሕንፃውን ፊት አነሣሁ፤ ፎቶዎቹ ኮምፒውተር ላይ ሲታዩ ጥርት ያሉ ስለ ነበሩ ያየው ሁሉ አመሰገነኝ። ካሜራውን ከሚሠራበት አዳራሽ አውጥቼ ማንኛውም ካሜራ በሚያምርበት ብርሃን መፈተኔን አላስተዋልኩም።

ከጥቂት ሳምንታት በኋላ በመዝገብ ቤት ከ30 ዓመት በላይ ያገለገሉ እናት በጡረታ ሊሰናበቱ ሆነና ምሽት ላይ የሽኝት ዝግጅት ተደረገ። ብዙዎቻችን ገና ስንቀጠር ፋይላችንን የከፈቱልን እሳቸው ስለ ነበሩ አዳራሹ ሞልቶ ነበር። መብራቱ ግን ደካማ ነበር። ሰው ላለመረበሽ ብዬ ከኋላ ወንበር ላይ ተቀምጬ በዙም እያቀረብኩ ማንሳት ጀመርኩ። መጀመሪያ ፍላሹን ከፍቼ ሞከርኩ፤ ብርሃኑ ከፊቴ የተቀመጡትን ሰዎች ጀርባና ጭንቅላት አንጥቶ መድረኩን ጨለማ ውስጥ ተወው። ስለዚህ ፍላሹን አጠፋሁት። በካሜራው ትንሽ መስኮት ላይ ፎቶዎቹ ደህና ይመስሉ ስለ ነበር ምንም ሳልጠራጠር ከ80 በላይ አንስቼ ወደ ቤቴ ሄድኩ።

በማግሥቱ ጠዋት ፎቶዎቹን በኮምፒውተር ስከፍታቸው ደነገጥኩ። እኚያ እናት ስጦታውን ሲቀበሉ የተነሣው ፎቶ ላይ እጃቸው አንዱ በአንዱ ላይ የተደራረበ ሦስት እጅ መስሏል። ፊታቸው ላይ የዓይን ሽፋሽፍትም ሆነ የፈገግታ መስመር አይለይም፤ ውሃ የነካው ሥዕል ይመስል ቆዳቸው ከጀርባቸው ካለው መጋረጃ ጋር ተዋህዷል። ከልባቸው ሲስቁ አይቼ ቁልፉን የተጫንኩባቸው ጊዜያት ደግሞ ፎቶ ላይ የሉም፤ ካሜራው ፎከሱን አስተካክሎ እስኪያነሣ ድረስ ሳቁ አልፎ ፊታቸውን ወደ ሌላ ሰው አዙረዋል። ከሁሉም ውስጥ ለመስጠት የሚያሳፍር ያልሆነው ምናልባት አራት ወይም አምስት ቢሆን ነው። ሌላ ስብሰባ ቢሆን በድጋሚ ይነሣል፤ ያ ምሽት ግን አይደገምም፤ በጣም የከበደኝም ይኸው ነበር።

በጥገና ክፍል የሚሠሩ፣ በወጣትነታቸው በፊልም ካሜራ ፎቶ ሲያነሡ የኖሩ አንድ አንጋፋ ባልደረባ አሉን። ፎቶዎቹን ይዤ ወደ እሳቸው ሄድኩ።

"ከየት ሆነህ ነው ያነሣኸው?" አሉኝ።

"ከኋላ ሆኜ በዙም አቅርቤ ነው፣ ጋሼ።"

ምንም ሳይመልሱ ከፎቶው ጋር ተያይዞ የሚቀመጠውን መረጃ ከፈቱ። ካሜራው እያንዳንዱን ፎቶ ሲያነሣ የተጠቀመበትን ልክ እንደሚመዘግብ እስከዚያን ቀን ድረስ አላውቅም ነበር። ስጦታው ሲሰጥ የተነሣው ፎቶ ላይ ሸተሩ (ብርሃን የሚያስገባው መዝጊያ ተከፍቶ የቆየበት ጊዜ) 1/8 ሰከንድ፣ የሌንሱ ቀዳዳ ኤፍ 6.1፣ አይኤስኦው (ካሜራው ብርሃኑን የሚያጎላበት ልክ) 1600 ይላል። ጋሼ በጣታቸው አንድ በአንድ እያሳዩ አስረዱኝ። በአንድ ሰከንድ ስምንተኛ ውስጥ የሚጨባበጥ እጅ ረጅም መንገድ ይሄዳል፤ ለዚህም ነው እጁ ሦስት የሆነው። ካሜራው የእጅ መንቀጥቀጥን የሚቀንስ መሣሪያ አለው፤ ነገር ግን መሣሪያው የሚያረጋጋው የአንሺውን እጅ እንጂ የሚነሣውን ሰው አይደለም። አይኤስኦው 1600 መድረሱ ደግሞ ካሜራው ያገኘውን ጥቂት ብርሃን በኃይል እንዳጎላው ያሳያል፤ ሲጎላ የሚመጣውን ነጠብጣብ ለማጥፋት ካሜራው ራሱ ፎቶውን ያለሰልሰዋል፤ ሽፋሽፍቱን ያጠፋው ይህ ማለስለስ ነው።

"ሌንሱ ላይ የተጻፈውን አንብበኸዋል?" ብለው ካሜራውን አቀበሉኝ። በሌንሱ ክብ ዙሪያ በደቃቅ ፊደል ከ3.3 እስከ 6.1 የሚል ቁጥር ተጽፎበታል። ስገዛ አይቼው ነበር፤ ነገር ግን ምን ማለት እንደ ሆነ ስላላወቅኩ ወረቀቴ ላይ እንኳ አላሰፈርኩትም። ይህ ቁጥር ሲያንስ ቀዳዳው ይሰፋል፤ ሲበዛ ይጠባል። ዙም ሳላደርግ ብቀርብ ኖሮ ሌንሱ በ3.3 ይሠራ ስለ ነበር ከሦስት እጥፍ በላይ ብርሃን ያስገባ ነበር፤ 1/8 የነበረው ሸተርም ወደ 1/25 ሰከንድ ይፈጥን ነበር። በጥቂት እርምጃ ወደፊት ብሄድ አብዛኛው ጉዳት ይቀር ነበር ማለት ነው። የፍላሹም ነገር እንዲሁ ነው፤ ርቀቱ በእጥፍ ሲጨምር የሚደርሰው ብርሃን ወደ ሩብ ስለሚወርድ፣ የትንሽ ካሜራ ፍላሽ ከሦስት ሜትር ገደማ በላይ ብዙ አይረዳም።

ቀጥለውም ስለ ዙሙ ጠየቁኝ። ማሸጊያው ላይ በትልቁ የተጻፈው ቁጥር የሌንሱ ዙም ከዲጂታል ዙም ጋር ተባዝቶ የተገኘ ነበር። ዲጂታል ዙም የሚባለው ሌንሱን አያንቀሳቅስም፤ የፎቶውን መሐል ቆርጦ ያሰፋል እንጂ። በ4 እጥፍ ዲጂታል ዙም የሚቀረው ከፒክስሎቹ 1/16ኛው ብቻ ስለ ሆነ፣ የኮራሁበት 20 ሜጋፒክስል ወደ 1.25 ይወርዳል። የመድረኩ ፎቶዎች ግማሽ ያህሉ በዚህ መልክ የተነሡ ነበሩ።

ከዚያ በኋላ ማንበብ ጀመርኩ፤ ብዙ የገባኝም ያኔ ነው። የመጀመሪያው ዲጂታል ካሜራ ተብሎ የሚጠቀሰው፣ መሐንዲሱ ስቲቨን ሳሰን እ.ኤ.አ. በ1975 በኮዳክ ውስጥ የሠራው መሣሪያ፣ 3.6 ኪሎ የሚመዝንና አንድን ፎቶ በካሴት ላይ ለመቅዳት 23 ሰከንድ የሚፈጅ ሲሆን፣ የነበረው 0.01 ሜጋፒክስል ብቻ ነበር። በዚያ ዘመንና ከዚያም በኋላ ለብዙ ዓመታት "ስንት ሜጋፒክስል ነው?" ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነበር። ዛሬ ግን 10 በ15 ሴንቲ ሜትር የሆነ ፎቶ በጥሩ ጥራት ለማተም የሚያስፈልገው 2 ሜጋፒክስል ያህል፣ ለኤ4 ወረቀት ደግሞ ወደ 9 ሜጋፒክስል ነው። ከዚያ በላይ ያለው ፎቶ ቆርጦ ለመጠቀም ይረዳል፤ ለጨለማ አዳራሽ ግን ምንም አያደርግም።

ለጨለማ አዳራሽ የሚያስፈልገው ብርሃኑን የሚቀበለው ሴንሰር ስፋት ነው። እኔ የገዛሁት ካሜራ ሴንሰር በተለምዶ 1/2.3 ኢንች የሚባለው ሲሆን ስፋቱ 28 ካሬ ሚሊ ሜትር ገደማ፣ ማለትም ከትንሽ ጣት ጥፍር ያነሰ ነው። እዚያ ላይ 20 ሚሊዮን ፒክስል ታጭቋል። በወረቀቴ ላይ በቁጥር ማነሱ ብቻ ያስጣለኝ ባለ 12 ሜጋፒክስሉ ካሜራ ደግሞ 1/1.7 ኢንች ሴንሰር ነበረው፤ ስፋቱ 41 ካሬ ሚሊ ሜትር ያህል ነው። ሲሰላ የባለ 12ው እያንዳንዱ ፒክስል ከባለ 20ው በስፋት ሁለት እጥፍ ተኩል ይሆናል። ሌንሱም ከኤፍ 2.0 ይጀምር ነበር። የተሻለው ካሜራ መጀመሪያውኑ በወረቀቴ ላይ ነበር፤ እኔ ነኝ የሰረዝኩት።

ሁሉንም ነገር ለኃላፊዬ በጽሑፍ አቀረብኩ። ጥፋቱን በዕቃው ላይ ለማላከክ አልፈለግኩም፤ ካሜራው በቀን ብርሃን የሚገባውን ይሠራል፤ ለንብረት ቆጠራ ዛሬም እንገለገልበታለን። በመልሱ "ለምን በስልካችን አናነሣም?" የሚል ጥያቄ ተነሣ። ጥያቄው ትክክል ነው። ዘመናዊ ስልክ ብዙ ፎቶዎችን በቅጽበት አንስቶ ወደ አንድ ስለሚያዋህድ፣ በደካማ ብርሃን እኔ ከገዛሁት ካሜራ የተሻለ ውጤት ይሰጣል፤ ጥሩ ስልክ ያለው ሰው ትንሽ ሴንሰር ያለው ርካሽ ካሜራ ቢገዛ ከሌንሱ ዙም በቀር የሚያገኘው ጥቅም ያለ አይመስለኝም። የእኛ ችግር ፎቶዎቹ በየሰው ስልክ ተበትነው መቅረታቸውና የመሥሪያ ቤቱ መረጃ በግል ስልክ ላይ መቀመጥ ስለሌለበት ነበር። ስለዚህ ሁለተኛ ካሜራ ያገለገለም ቢሆን ተፈልጎ እንዲገዛ ተፈቀደ።

በዚህ ጊዜ ሚሞሪ ካርድና ላፕቶፕ ይዤ ጋሼን አስከትዬ ሄድኩ። ያቀረቡልን ያንኑ ባለ 12 ሜጋፒክስል ዓይነት፣ ያገለገለ ካሜራ ነበር። ሌንሱን ደጋግመን አስወጥተንና አስገብተን የሚንገጫገጭ ድምፅ እንዳለውና እንደሌለው አዳመጥን። ነጭ ወረቀት አንስተን ሴንሰሩ ላይ አቧራ መኖሩን ለማየት ፎቶውን አሰፋን። ባትሪው እንደ ልብ የሚገኝ ዓይነት መሆኑን አረጋገጥን። ከዚያ በኋላ ጋሼ በክፍሉ ጨለማ ጥግ ላይ ቆመው እጃቸውን እያወዛወዙ "አንሣኝ" አሉኝ፤ ዙም ሳላደርግ አንድ፣ ዙም አድርጌ አንድ አንስቼ ሁለቱንም በላፕቶፑ ላይ ሙሉ በሙሉ አሰፋናቸው። የማንሻ ቁልፉን በግማሽ ተጭኖ ፎከሱን አስቀድሞ መያዝ እንደሚቻል፣ ከዚያም የሚጠበቀው ቅጽበት ሲመጣ ቀሪውን መጫን እንደሚበቃም ያኔ አሳዩኝ። ያመለጡኝ ሳቆች በሙሉ በዚህች በግማሽ መጫን ሊያዙ ይችሉ ነበር።

ካሜራው ከመረከቡ በፊት የሒሳብ ክፍል ኃላፊዋ "20 ያለው እያለ 12 ላለው እንዴት እንከፍላለን?" ብለው ፊርማቸውን ያዙ። ጥያቄያቸው የራሴ የቀድሞ ጥያቄ ስለ ነበር በቃል ከማስረዳት ይልቅ ሁለቱን ካሜራዎች ይዤ ወደ አዳራሹ እንዲመጡ ለመንኳቸው። በምሽት፣ በዚያው መብራት፣ እኚያ እናት በቆሙበት ቦታ ቆመው ከጋሼ ጋር እንዲጨባበጡ አደረግኩ። በአሮጌው እንደ ያኔው ከኋላ ወንበር፣ በአዲሱ ደግሞ ቀርቤ ዙም ሳላደርግ አነሣሁ። አይኤስኦው በሁለቱም 1600 ነበር፤ በመጀመሪያው ሸተሩ 1/8 ሰከንድ፣ በሁለተኛው 1/60 ሆነ። ፍትሐዊ እንዲሆን በአሮጌውም ከቅርብ ደገምኩ፤ ተሻሽሏል፤ ፊቱ ግን አሁንም የለሰለሰ ነበር።

ኃላፊዋ በሁለተኛው ፎቶ ላይ የጣታቸውን ቀለበት አሰፍተው ረጅም ጊዜ አዩት። ከዚያም "ለእሳቸው የሰጠሃቸው ከየትኛው ነው?" አሉኝ። ከመጀመሪያው መሆኑን ነገርኳቸው። ምንም ሳይሉ ወረቀቱን ተቀብለው ፈረሙ።