የእማዬን ኮምፒውተር መልሼ ገጣጠምኩት

እማዬ ታይፒስት ነበረች። ቀን መሥሪያ ቤቷ ትጽፋለች፤ ማታ ደግሞ ቤት ሆና የሰፈሩን ሰው ወረቀት ትጽፋለች። ማመልከቻ፣ የመመረቂያ ጽሑፍ፣ የሠርግ ጥሪ፣ የዕድር መተዳደሪያ ደንብ። በ1993 ዓ.ም. ዕቁብ ሲደርሳት ኮምፒውተር ገዛች። ሳሎን ጥግ ተቀመጠ። ሥራ ሲያልቅ ዳንቴል ይለብሳል። እኔ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበርኩ፤ የምትጽፈው ከሌለ ሶሊቴር ታስጫውተኝ ነበር።

ከዓመታት በኋላ ተበላሸና ለቆራሌው ሸጥነው። ያኔ ማንም ቅር አላለውም።

አምና ቁም ሳጥን ስናጸዳ አንድ የብስኩት ቆርቆሮ ተገኘ። ውስጡ 17 ፍሎፒ ዲስክ፣ የድሮ ፋይል ማስቀመጫ። ከላያቸው በእማዬ እጅ ጽሑፍ «ዕድር»፣ «ሠርግ»፣ «ጅዳ» ይላሉ። ጅዳ የሚሉት አራቱ ለአክስቴ የጻፈቻቸው ደብዳቤዎች ናቸው። አክስቴ ዛሬ በሕይወት የለችም። የተላከላት ወረቀትም የት እንደገባ አናውቅም።

በዩኤስቢ የሚሰካ የፍሎፒ ማንበቢያ ገዝቼ አንዱን በላፕቶፔ ከፈትኩት። ተከፈተ፤ ግን አማርኛ አልነበረም። የላቲን ፊደል፣ ጭረትና ምልክት ተደበላልቆ ገጹን ሞልቶታል።

ነገሩ እንዲህ ነው። በዚያ ዘመን በአንድ ፎንት ውስጥ የነበረው ቦታ 256 ብቻ ነው። ከዚያም ላይ ለሌላ ሥራ የተያዘ አለ። የእኛ ፊደል 33ቱ በ7 ሲባዛ ብቻ 231 ይሆናል፤ ዲቃላዎቹ፣ ቁጥሮቹና ሥርዓተ ነጥቦቹ ሲጨመሩ ከ256ቱ ያልፋል። ዩኒኮድ (የዓለም ፊደላት በኮምፒውተር የሚጋሩት የኮድ ሠንጠረዥ) በፈረንጆቹ 1999 ፊደላችንን ሲቀበል የሰጠው ቦታ 345 ነበር። ከዚያ በፊት እነ ፓወር ግዕዝና ቪዥዋል ግዕዝን የመሳሰሉ ሶፍትዌሮች የላቲኑን ቦታ ወስደው የእኛን ፊደል ያስቀምጡበት ነበር። አንዱ ፊደሉን በሁለትና በሦስት ፎንት ይከፋፍላል፤ ሌላው ግንዱንና ቅጥሉን ለየብቻ አስቀምጦ ያጋጥማል። በጠባብ ቦታ ይሄን ያህል መሥራታቸው እስከ ዛሬ ይገርመኛል። ታዲያ ያ ፎንት የሌለበት ኮምፒውተር የሚያየው ከሥር ያለውን የላቲን ኮድ ነው።

ፎንቱን ብቻ ላፕቶፔ ላይ ልጫነው ብዬ ነበር። የእማዬ የአማርኛ ሶፍትዌር ሲዲ ላይ ያለው ማስጫኛ ግን የድሮ ዓይነት፣ ባለ 16 ቢት ነው፤ ባለ 64 ቢት ዊንዶውስ ደግሞ እንዲህ ያለውን አያስኬድም። የድሮ ኮምፒውተርን አስመስሎ የሚሠራ ሶፍትዌር መኖሩን አውቃለሁ። ማንበብ ብቻ የፈለገ ሰው እሱ ይበቃዋል። እኔ ግን ያንኑ የመሰለ ኮምፒውተር ከአሮጌ ዕቃ ገጣጥሜ እማዬ ዳግም እንድትቀመጥበት ፈለግኩ።

መጀመሪያ ያደረግኩት ወረቀት መፈለግ ነው። እማዬ ደረሰኝ አትጥልም። ከቤት ካርታው ጋር ተጣጥፎ ተገኘ፦ ፔንቲየም 3፣ 500 ሜጋኸርዝ፣ 64 ሜጋባይት ራም፣ 10 ጊጋባይት ሃርድ ዲስክ፣ 15 ኢንች ሞኒተር። የልደቴ ፎቶ ደግሞ የኬዙን መልክ አሳየኝ። ትዝታዬን ብቻ ባምን ኖሮ ጥቁር ኬዝ እፈልግ ነበር፤ የእኛው ነጣ ያለ ነው።

ከዚያ መርካቶ፣ ምናለሽ ተራ። ማዘርቦርድ (የኮምፒውተር ዋናው ሰሌዳ) እዚያ በኪሎ ነው የሚሸጠው። የክምሩ ባለቤት ሳገላብጥ አይቶ «እህቴ፣ ይሄማ ሞቷል፤ ምን ያደርግልሻል?» አለኝ። የፔንቲየም 3 500 ፕሮሰሰር ካሴት በሚመስል ጥቁር ሽፋን ውስጥ ሆኖ በቁሙ የሚሰካ ነው፤ ስለዚህ የምፈልገው ቦርድ ከሩቅ ይለያል። በሦስተኛው ቀን ያን ፕሮሰሰር የሚቀበል፣ 440ቢኤክስ ቺፕሴት ያለው ቦርድ አገኘሁ። ኬዙንና ኪቦርዱን ከተዘጋ ኢንተርኔት ቤት ገዛሁ።

ሞኒተሩ ነው ያስቸገረኝ። የድሮዎቹን ወፍራም ሞኒተሮች ለመዳባቸው ሲሉ ይሰብሯቸዋል። ሁለት ወር ፈልጌ አንድ አገኘሁ፤ ምስሉ ይንቀጠቀጣል። ልከፍተው አልሞከርኩም። እነዚህ ሞኒተሮች ውስጥ ከ20,000 ቮልት በላይ አለ፤ ከሶኬት ከተነቀሉ በኋላም ኃይሉ ሊቆይ ይችላል። ዕድሜያቸውን በቴሌቪዥን ጥገና ላሳለፉ አንድ አባት ወሰድኩላቸው። በአንድ ከሰዓት አስተካከሉት። የማታውቁት ከሆነ እናንተም አትክፈቱት።

ፓወር ሰፕላዩን፣ ለኮምፒውተሩ ኃይል የሚያድለውን ሳጥን፣ የአክስቴ ልጅ ከቨርጂኒያ ላከልኝ። ከጀርባው 115 እና 230 የሚል ቀይ ማዞሪያ አለው። አሜሪካ ስለነበረ 115 ላይ ነው ያለው። ሳላየው የእኛው 220 ላይ ሰካሁት። ፈነዳ፤ ክፍሉ በጭስ ሞላ። ቦርዱን ገና ስላላገናኘሁት ተረፈ። ከዚያ ቀን ወዲህ ፓወር ሰፕላይን ብቻውን ሳልለካ ምንም አላገናኝም፤ 12፣ 5 እና 3.3 ቮልት በመለኪያ ካየሁ በኋላ ነው። የዘመኑን አዲስ ፓወር ሰፕላይ ለምትገዙም አንድ ነገር ልንገራችሁ፦ የዚያ ጊዜ ቦርዶች ብዙ የሚስቡት ከ5 ቮልቱ መስመር ነው። አዲሶቹ ጉልበታቸውን 12 ቮልት ላይ ስላደረጉ፣ ከመግዛታችሁ በፊት የ5 ቮልቱን አምፒር ተለጣፊው ላይ አንብቡ። ስታቢላይዘርም አትርሱ።

ቦርዱ መጀመሪያ ላይ ትንሽ ቆይቶ ይጠፋ ነበር። ፕሮሰሰሩ አጠገብ ያሉትን ካፓሲተሮች (ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅሙ ትንንሽ ሲሊንደሮች) ሳይ አራቱ አናታቸው አብጧል። በዚያ ዘመን የተሠሩ ብዙ ቦርዶች የሚሞቱት በዚህ ነው። መጠናቸውና ቮልታቸው እኩል የሆነ፣ 105 ዲግሪ ሙቀት የሚችል አዲስ ገዝቼ ቀየርኩ። ፖዘቲቭና ኔጋቲቩን ሁለት ሁለት ጊዜ እያየሁ ነው የበየድኩት። የቦርዱን ሰዓት ባትሪም ለወጥኩ፤ ሲአር2032 ነው፣ የትም ይገኛል።

በሃርድ ዲስኩ ፈንታ 8 ጊጋባይት ኮምፓክት ፍላሽ ካርድ (የካሜራ ዓይነት ሚሞሪ ካርድ) በአዳፕተር ሰካሁ። ከቀድሞው ማሽን የተለየሁት እዚህ ላይ ብቻ ነው፤ አልቆጨኝም። አሮጌ ሃርድ ዲስክ መቼ እንደሚሞት አይታወቅም። ካርዱን ግን ነቅሎ ላፕቶፕ ላይ በማንበቢያ መክፈት ይቻላል፤ ፋይሉን ያሻገርኩትም እንደዚያ ነው። ዊንዶውስ 98 እና የእማዬ የአማርኛ ሶፍትዌር በአንድ ማታ ተጫኑ።

ለፍሎፒዎቹ መቸኮል አያስፈልግም። የብረት መዝጊያውን ገፋ አድርጋችሁ ውስጡን እዩ። ሻጋታ ያለበትን ከከተታችሁ የማንበቢያውን ጭንቅላት ያቆሽሻል፤ ቀጥሎ የሚገባውንም ጤነኛ ዲስክ ይፍቃል። እኔ በየዲስኩ መሃል ጭንቅላቱን በአልኮል እጠርግ ነበር። ጥጉ ላይ ያለችውን ትንሽ መዝጊያ ቀዳዳው እስኪታይ ክፈቱ፤ ያኔ ኮምፒውተሩ ሊጽፍበት አይችልም። ከ17ቱ 11ዱ ተነበቡ። ሦስቱ የጅዳ ናቸው።

እማዬን የጠራኋት እሑድ ከቅዳሴ መልስ ነው። መነጽሯን አደረገች። ኪቦርዱን በመዳፏ ዳሰሰችው፤ ጣቶቿ ቦታቸውን ያዙ። ስሟን ጻፈች። የትኛውንም ቁልፍ በዓይኗ አልፈለገችም፣ ምንም አልተሳሳተችም። ቀጥላ የከፈተችው የዕድሩን ደንብ ነው፤ አንቀጽ 7 ላይ የተገደፈች ቃል አግኝታ ወዲያው አረመችው። ደብዳቤዎቹን ብቻዋን ታንብብ ብዬ ቡና ላፈላ ወጣሁ። ስመለስ አንዱን ጮክ ብላ አነበበችልኝ። ስለ ጤፍ ዋጋ፣ ስለ አያቴ ጉልበት ሕመም ይላል። ከግርጌው «ልጅቷ ከኮምፒውተሩ አልነሳ እያለች አስቸግራኛለች፤ ደብዳቤው ያጠረው ለዚያ ነው» ይላል።

ሁሉንም ከስክሪኑ እያየሁ በዩኒኮድ እንደገና ጽፌያቸዋለሁ።

ያልተነበቡ ስድስት ዲስኮች ቀርተው ነበር። የፍሎፒ ድራይቭ ጭንቅላት ትንሽ ከቦታው ዘንበል ካለ፣ የጻፈውን በደንብ የሚያነበው ያው ራሱ ነው። የእኛው ደግሞ ከቆራሌው ጋር ሄዷል። ስለዚህ በሄድኩበት ሁሉ አሮጌ ድራይቭ እገዛለሁ። እስካሁን ሦስት ሞክሬያለሁ፤ ሦስተኛው አንድ የሠርግ ጥሪ ከፈተልኝ። አራተኛዋ የጅዳ ዲስክ ገና ናት። ቅዳሜ ምናለሽ ተራ ሁለት ድራይቭ ተቀምጦልኛል።