ኮርፍ ካስል፣ ያደግኩባት መንደር

ዛሬ ልጄን ይዤ ኮርፍ ካስል ሄድኩ። በደቡብ እንግሊዝ፣ ዶርሴት ውስጥ ያለች ትንሽ መንደር ናት። እማዬ በአካባቢው ነርስ ስለነበረች ልጅነቴን ያሳለፍኩት እዚያ ነው።

ኮረብታው ላይ የፈረሰ ግንብ አለ። ከትምህርት ቤት ስንወጣ ሩጫችን ወደዚያ ነበር። አንዱ የበር ግንብ ለሁለት ተሰንጥቆ ግማሹ ወደ ታች ሸርተት ብሏል። እኛ ልጆች አሁን ይወድቃል እያልን እንፈራው ነበር፤ ይኸው ዛሬም ቆሟል።

ልጄ «አባዬ፣ ማን ሰበረው?» አለኝ። ነገርኩት። የእንግሊዝ ንጉሥና ፓርላማው በተዋጉበት የእርስ በርስ ጦርነት ጊዜ የግንቡ እመቤት ሜሪ ባንክስ የፓርላማውን ጦር መክተው ግንቡን ጠብቀውት ነበር። በመጨረሻ እ.ኤ.አ. በ1646 ከውስጥ ክህደት ተፈጸመና ተያዘ። ፓርላማውም ዳግም ምሽግ እንዳይሆን አስፈረሰው። የመንደሩ ሰው ድንጋዩን እየወሰደ ቤት ሠራበት። ለዚህ ነው የጓደኞቼ ቤት ግድግዳ ግንቡን የሚመስለው። ይሄን ነገር በጣም እወደዋለሁ፤ የጌቶች ምሽግ የተራ ሰው ጎጆ ሆነ።

ልጄን ከታሪኩ ይልቅ የማረከው በእንፋሎት የሚሄደው ባቡር ነው። በሚቀጥለው እማዬንም ይዘናት እንመጣለን፤ ጎረቤቶቿን ማየት ናፍቋታል።