ሁሉም ሰርች ዜሮ ደቂቃ ላይ ሲነሳ

ስፕላንክን፣ ማለትም የሲስተሞችን ሎግ (የክንውን መዝገብ) ሰብስቦ የሚፈትሸውን ሶፍትዌር፣ የተረከብኩት ሥራ ከለቀቀ ባለሙያ ነው። ሲታይ ጤነኛ ነው፤ ሎግ ይገባል፣ ዳሽቦርዱም ያምራል። ግን አንዳንድ አለርት፣ ማለትም በሰዓቱ የሚነሳ ሰርች የሚፈልገውን ሲያገኝ በኢሜይል የሚላክ ማስጠንቀቂያ፣ የውሃ ሽታ ይሆናል። ሰርቹን በእጄ ሳስሮጠው ውጤቱ ቁጭ ብሏል። በሰዓቱ ግን ኢሜይል የደረሰው ሰው የለም።

እንዲህ ሲሆን መጀመሪያ የሚጠረጠረው የኢሜይል ሰርቨሩ ነው። እኔ ግን ስፕላንክ ስለራሱ ወደሚጽፈው ኢንተርናል ኢንዴክስ ገባሁ። ሰርቾችን በየሰዓታቸው የሚያስነሳውን የስኬጁለሩን ሎግ ለይቼ በስታተስ ስቆጥረው «ስኪፕድ» (ተዘሏል) የሚል መአት መስመር ወጣ። ምክንያቱም አብሮ ተጽፏል፦ በአንድ ጊዜ መሮጥ የሚችለው የሰርች ብዛት ሞልቷል።

ሂሳቡ ቀላል ነው። ሴቲንጉን የነካው ሰው ከሌለ፣ ስፕላንክ ለአንድ ሲፒዩ ኮር 1 ሰርች ይፈቅድና በጠቅላላው ላይ 6 ይጨምራል። ስለዚህ 16 ኮር ያለው ማሽን በአንዴ 22 ሰርች ያስሮጣል። ከዚህ ውስጥ ለስኬጁለሩ የሚደርሰው ግማሹ ነው፤ 11 ብቻ።

እያንዳንዱ ሰርች መቼ እንደሚነሳ የሚናገሩትን የክሮን መስመሮች ሳይ ነገሩ ገባኝ። በየ5 ደቂቃው የሚሮጠው፣ በየ15 ደቂቃው የሚሮጠው፣ በየሰዓቱ የሚሮጠው፣ ሁሉም ዜሮ ደቂቃ ላይ ይገናኛሉ። ከሥራ መውጫ ላይ ያለ የታክሲ ሰልፍ በሉት። ታክሲ እንኳ ቢዘገይም ይመጣል፤ የተዘለለ ሰርች ግን ያለፈበትን ጊዜ ተመልሶ አያይም።

መፍትሔው መበተን ነው። «*/5» (በየ5 ደቂቃው) የነበረውን አንዱን «1-59/5»፣ ሌላውን «3-59/5» አደረግኩት። ያኛው ከ1፣ ይሄኛው ከ3ኛው ደቂቃ ይጀምራል፤ የሁለቱም ልዩነት ያው 5 ደቂቃ ነው። ለጠዋት ሪፖርቶች ደግሞ ስኬጁል ዊንዶው ሰጠኋቸው፤ ቦታ እስኪለቀቅ ትንሽ ቢቆዩ ማንም አይሞትም። አለርት ላይ ግን ይህን አልነካም። (በነገራችን ላይ፣ አለቃ «ጠዋት 2 ሰዓት ይድረሰኝ» ሲል ክሮኑ ላይ የሚገባው 8 ነው። 2 ብላችሁ ከጻፋችሁ ሪፖርቱ ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ይሄዳል።)

ስኪፑ ከቀነሰ በኋላም የሚያመልጡ ነገሮች ነበሩ። ይሄኛው ይበልጥ ተንኮለኛ ነው፤ ምክንያቱም ስታተሱ «ሰክሰስ» ይላል። አንድ ያልተሳካ ሎግኢን በ10:04:50 ተፈጸመ እንበል። ሎጉ ስፕላንክ ውስጥ የገባው በ10:05:20 ነው። የ10:05ቱ ሰርች ያለፉትን 5 ደቂቃዎች ሲያይ ገና አልደረሰም። የ10:10ሩ ደግሞ ከ10:05 ወዲህ ያለውን ብቻ ነው የሚያየው። በሁለቱ መካከል ሾልኮ ቀረ።

ስለዚህ ሎጉ ኢንዴክስ ከተደረገበት (ስፕላንክ ውስጥ ከገባበት) ሰዓት ላይ የተፈጸመበትን ሰዓት እየቀነስኩ የእያንዳንዱን ምንጭ መዘግየት አየሁ። ከዚያ የሰርቹን መስኮት ወደኋላ ገፋሁት፦ ከ7 ደቂቃ በፊት እስከ 2 ደቂቃ በፊት፣ ሁለቱም ወደ ሙሉ ደቂቃ የተጠጋጉ። አለርቱ 2 ደቂቃ ይዘገያል። ጨርሶ ከሚቀር ይሻላል።

ለሰመሪ ኢንዴክስ (የተጠቃለለ ውጤት ለሚቀመጥበት) የሚሰበስቡትን ሰርቾች ኮንቲኒዩስ ወደሚባለው አሠራር ቀየርኳቸው። በእሱ ሰርቹ ቢዘገይም የእያንዳንዱን ጊዜ ድርሻ በተራ ያስሮጣል፤ ቁጥሩ ላይ ቀዳዳ አይኖርም። ይህን ስታደርጉ ግን ሰርቹ ስንት ሰከንድ እንደሚፈጅ እዩ። በየ5 ደቂቃው እየተነሳ 6 ደቂቃ የሚፈጅ ከሆነ ዕዳው እየተከመረ ይሄዳል።

ኮር ይጨመርልን ብላችሁ ከመጠየቃችሁ በፊት ደግሞ የኢሜይል ዝርዝሩን ክፈቱ። እኔ ጋ በጣም ከባድ ከሆኑት አንዳንዶቹ ሪፖርቶች የሚላኩት መሥሪያ ቤቱን ከለቀቁ ለቆዩ ሰዎች ነበር። ዘጋኋቸው፤ የጠየቀ የለም።