የጀልባው ምድጃ ለምን ጭሱን ወደ ውስጥ ተፋ?

ሲያትል የሚኖር ሐበሻ ምን ይሠራል ሲባል ኡበር፣ ኤርፖርት ወይ ምግብ ቤት ነው የሚታሰበው። እኔ ጀልባ እጠግናለሁ። ባላርድ የሚባለው የሲያትል ሰፈር አጠገብ እ.ኤ.አ. ከ1914 ጀምሮ ያለ የዓሣ አስጋሪዎች ወደብ አለ፤ ሰኔና ሐምሌ ላይ አላስካ ሄደው ሳልመን የሚያሰግሩ ጀልባዎች የብርዱን ወራት እዚያ ታስረው ይከርማሉ። ውሃው ጨው የለውም፤ ባለጀልባዎቹም ይወዱታል፣ የባሕር ዛጎል ሆዳቸው ላይ አይለጠፍማ። ታሪኩ ግን ስለ ምድጃ ነው።

የእነዚህ ጀልባዎች ማድ ቤት ውስጥ ብዙ ጊዜ የናፍጣ ምድጃ አለ። ከባድ የብረት ሣጥን ነው። ላዩ ዝርግ ነው፤ ማዕበል ሲመጣ ድስቱ እንዳይንሸራተት ዙሪያውን በብረት ታጥሯል። ናፍጣው ሞተሩ ከሚጠጣበት ታንክ ይመጣና በትንሽ ቫልቭ እየተመጠነ፣ ጠብ ጠብ እያለ እሳቱ ጋ ይገባል፤ እዚያ በሙቀቱ ይተንና ይነዳል። ቀንም ሌሊትም አይጠፋም። ያበስላል፣ ክፍሉን ያሞቃል፣ የራሰ ጓንት ያደርቃል። ለምን ጋዝ አይጠቀሙም የሚል ይኖራል። የሲሊንደር ጋዝ ከአየር ይከብዳል፤ ካፈተለከ ጀልባው ሆድ ውስጥ ወርዶ ይተኛና ብልጭታ ይጠብቃል። ናፍጣ ቢፈስ ወለሉን ያቆሽሻል እንጂ እንዲህ በቀላሉ አይቀጣጠልም። ደግሞ ጋዝ ሲነድ እንፋሎቱን እዚያው ክፍሉ ውስጥ ይለቃል፣ የናፍጣው ግን በጭስ ማውጫው ስለሚወጣ ግድግዳው አያልብም።

ባለፈው የብርድ ወራት አንድ ካፒቴን ደወለ። ምድጃው ተበላሽቷል፣ ጭሱን ወደ ውስጥ ይመልሳል አለ። ከጋሼ ጋር ሄድን። ጋሼ የምላቸው አብረውኝ የሚሠሩትን አንጋፋ መካኒክ ነው፣ በወጣትነታቸው ምጽዋ ላይ የጀልባ ሞተር ሲፈቱ የኖሩ ሰው ናቸው።

ስንደርስ ምድጃው ተፈታቶ ጠበቀን። የጀልባው ሠራተኞች ጥላሸቱን ጠርገዋል፣ የናፍጣ ማጣሪያ ቀይረዋል፣ ቱቦውን በሽቦ ብሩሽ ፈትገዋል። ሁሉም ደህና ሥራ ነው። ገጣጥመን ለኮስነው፤ ደማቅ ቢጫ እሳት፣ ምንም እንከን የለበትም። በሩ ግን እኛ ዕቃ ስናስገባ ስናስወጣ ክፍት ነበር።

ጋሼ ምግብ አብሳዩን ልጅ መቼ መቼ ነው የሚያጨሰው ብለው ጠየቁት። ምግብ ስሠራ ነው አለ። ያኔ ራሴንም ያመኛል፣ ወጣ ብዬ አየር ስወስድ ይተወኛል አለ። ካፒቴኑ ሳቀ፣ «የማታው ቢራ ነው» አለ። ጋሼ አልሳቁም። ወደ እኔ ዞረው በአማርኛ «ይሄን ልጅ እኮ ጭሱ እንደ ከሰል እያፈነው ነው» አሉኝ። አገር ቤት ከሰል አስገብቶ ተኝቶ ያልነቃ ሰው ወሬ ያልሰማ ማን አለ? ቀና ብዬ የካርቦን ሞኖክሳይድ (ሽታ የሌለው የጭስ መርዝ) አላርሙን ፈለግኩ። ግድግዳው ላይ አለ። ባትሪ የለውም። «ዝም ብሎ ይጮሃል» ብለው አውጥተውታል።

ጋሼ ከመፍቻ ሣጥናቸው ሰንደል አወጡ። (ለዚህ የሚሸጥ ዕቃ አለ፣ እሳቸው ግን በሰንደል ነው የሚያምኑት።) በሩን ዘጋን። ሰንደሉን ቱቦው ላይ ካለችው የአየር ማስተካከያ ክዳን ጋ ሲይዙት ጭሱ ወደ ቱቦው ገባ፣ እንደሚፈለገው። ከዚያ ልጁን ፋኑን አስነሳው አሉት። የምግብ ሽታ ወደ ውጭ የሚያወጣው ፋን ነው። ገና መጮህ ሲጀምር የሰንደሉ ጭስ ዞሮ ፊታችን ላይ መጣ፣ እሳቱ ደፈረሰ፣ ጥላሸት መትፋት ጀመረ። ፋኑንም ምድጃውንም አጥፍተን በሩን በርግደን ወጣን።

ነገሩ እንዲህ ነው። ፋኑ አዲስ ነው፣ ከድሮው የበለጠ ጉልበት አለው። በዚያው ሰሞን ካፒቴኑ ሙቀት እንዳያመልጥ በሮቹንና መስኮቶቹን አዲስ ጎማ አስገጥሟቸዋል። ለየብቻ ካየናቸው ሁለቱም ጥሩ ሥራ ናቸው። ግን 1 ሊትር ናፍጣ ለመንደድ 10 ሜትር ኩብ ያህል አየር ይፈልጋል፤ ያ አየር ድሮ በበሩ ስንጥቅ ይገባ ነበር። አሁን ስንጥቁ የለም፣ ፋኑ ደግሞ ያለውን አየር ይስባል። ከውጭ የሚገባበት የቀረው ጭስ ማውጫው ብቻ ነው፣ በእሱ ቁልቁል መጣ። እኔን የሚያናድደኝ ይሄ ነው፤ ዕቃ ሲያስቸግር ሰው ዕቃውን ይፈታል፣ ከዚያ በፊት ምን ተቀየረ ብሎ የሚጠይቅ የለም።

ስንመለስ ልጁ ምድጃው ገና እንደጋለ ቫልቩን ከፍቶ ሊለኩስ ሲል ጋሼ እጁን ያዙት። ናፍጣ የጋለ ብረት ላይ ሲያርፍ ነጭ ጉም ሆኖ ይሞላል፣ ክብሪት ሲነካው በአንድ ጊዜ ቦግ ይልና ክዳኑን ይወረውረዋል። እስኪቀዘቅዝ ጠበቅን፣ የተጠራቀመውን ናፍጣ በጨርቅ መጠጥን።

መፍትሔው ምድጃው አጠገብ አየር ማስገቢያ መብሳት ነበር። ካፒቴኑ አኮረፈ። ሙቀት እንዳይወጣ ስንት አውጥቼ ደፍኜ እናንተ ልትበሱ? ጋሼ አልተከራከሩም። ቀዳዳውን ከበሳን በኋላ ምድጃውን ለኩሰው ሰንደሉን ለራሱ አስያዙትና ፋኑን አስነሱ። አሁን ጭሱ ወደ ቱቦው ነው የሄደው። አንዴ በእጁ ቀዳዳውን ደፈነ፣ ጭሱ ተመለሰበት፣ ለቀቀው። ከዚያ በኋላ የተጨቃጨቅነው አዲሱ አላርም የት ይሰቀል በሚለው ብቻ ነው። ቁም ሣጥን ውስጥ ይሁን ሲል እኛ መኝታው ጋ አልን። መኝታው ጋ ተሰቀለ።

ከሰዓት ሌላ ጀልባ ላይ ተመሳሳይ ጥሪ ነበረን። እዚያ ደግሞ የተዘጋ የናፍጣ ማጣሪያ ብቻ ሆኖ ተገኘ።