አርባ ኪሎ ሜትር ከማድሪድ፦ ሴሴኛ

አውቶቡሱ ማድሪድን ለቆ ወደ ደቡብ አርባ ኪሎ ሜትር ገደማ እንደተጓዘ ገላጣው ሜዳ ላይ መልካቸው አንድ የሆነ ፎቆች ብቅ አሉ። ኤል ኪኞን ይባላል ሰፈሩ፤ የሴሴኛ ከተማ አካል ነው። ወዳጆቼ «ፕራዶ ሙዚየም እያለልህ እዚያ ምን ልትሠራ?» ብለው ስቀውብኛል። እኔ ደግሞ ነዋሪነቴ ፍራንክፈርት ነው፤ በከተማዬ፣ በአውሮፓ ማዕከላዊ ባንክ፣ የተቆረጠ ወለድ የት ድረስ እንደሚደርስ ማየት አማረኝ።

ፍራንሲስኮ ኤርናንዶ የተባለ አልሚ እዚህ 13,500 ያህል አፓርታማ ሊገነባ አስቦ ነበር። የተሠራው ወደ 5,000 ነው። ለወላጆቹ ያቆመው ሐውልት ግን ሳይጓደል ቆሟል!

ከዩሮ በፊት በነበረው የስፔን ገንዘብ በፔሴታ ጊዜ፣ በ1990ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.)፣ የስፔን የቤት ብድር ወለድ ከ10 በመቶ በላይ ነበር። በ1999 ዩሮ ሲመጣ የምንዛሪ ስጋቱ ቀረ፤ ወለዱም ወረደ። የአውሮፓ ማዕከላዊ ባንክ ከ2003 አጋማሽ እስከ 2005 መጨረሻ መሪ ወለዱን 2 በመቶ ላይ አቆየው። ለተዳከመችው ጀርመን ደግ ነበር። ዋጋ በዓመት ከ3 በመቶ በላይ በሚጨምርባት ስፔን ግን ያልተበደረ ሰው የከሰረ መሰለው። የጀርመን ባንኮችም ገንዘባቸውን ለስፔን ባንኮች እያበደሩ የቤት ብድሩን እሳት አራገቡት።

ቡና ቤት ያገኘኋቸው ጡረተኛ እናት የወለዱን ታሪክ በቃላቸው ያውቁታል። የብድራቸው ወለድ ተለዋዋጭ ነው፤ የአውሮፓ ባንኮች እርስ በርስ የሚበዳደሩበትን ወለድ፣ ዩሪቦርን፣ እየተከተለ በየዓመቱ ክፍያው ይከለሳል። ዩሪቦር በሐምሌ 2008 ከ5 በመቶ በላይ ነበር፣ በ2016 ከዜሮ በታች ወረደ፣ በ2023 እንደገና 4 በመቶን ተሻገረ። መክፈል ያቃታቸው ጎረቤቶቻቸው ቤቱን ቢያስረክቡም ዕዳው ሙሉ በሙሉ አልተሰረዘላቸውም፤ የስፔን ሕግ ተበዳሪውን በሌላ ንብረቱና በወደፊት ገቢው ጭምር ይጠይቀዋል።

የእኔ የጀርመን ውል ወለዱን ለ10 ዓመት ስላሰረው የ2023ቱን ጭማሪ የሰማሁት በዜና ብቻ ነው።

«ታዲያ ልጄ፣ የእናንተ ባንክ አያበድረኝም?» አሉኝ።

አያበድርዎትም አልኳቸው። ገንዘቡ አንድ ቢሆንም የንብረት ምዝገባው፣ የዋስትና ሕጉና ፍርድ ቤቱ የየአገሩ ነው፤ የፍራንክፈርት ባንክ ሴሴኛ ያለ አፓርታማ በመያዣነት ተቀብሎ ራሱን አያደክምም።

ልጃቸው እዚያው ሕንፃ ውስጥ፣ ከእርሳቸው ሁለት ፎቅ ከፍ ብሎ በ2021 ቤት ገዝቷል። እሱ ቋሚ ወለድ ነው የተዋዋለው። በ2023 ባንኩ የክፍያ ለውጥ የላከው ለእናትየው ብቻ ነበር።