ሳይናዘዝ የሄደው ቦብ

ዛሬ አጎቴን «ጋሼ፣ ኑዛዜዎን ለምን አይጽፉትም?» አልኳቸው። ሳቁ። «ሞትን በስሙ አትጥራው፣ ሰምቶ ይመጣል» ብለው የእስክሪብቶውን ክዳን ገጥመው ደረት ኪሳቸው ሻጥ አደረጉት። ወሬው በዚያው አለቀ።

ቦብ ማርሌ ትዝ አለኝ። እሱም ሳይናዘዝ ነው የሄደው። በራስተፈሪያን እምነቱ ስለ ሞት ማሰብ አይወድም ነበር ይባላል። ግንቦት 1981 እ.ኤ.አ. ማያሚ ላይ በ36 ዓመቱ አረፈ።

የሚገርመኝ አጀማመሩ ነው። በ1945 እ.ኤ.አ. ጃማይካ ውስጥ፣ ናይን ማይል በምትባል የገጠር መንደር፣ አያቱ ዘንድ ተወለደ። እናቱ ሴዴላ የ18 ዓመት ልጅ፣ አባቱ ኖርቫል ደግሞ በዕድሜ የገፋ ነጭ ጃማይካዊ። አባትየው ብዙም ብቅ አይልም፤ ቦብ 10 ዓመት ሲሆነው ሞተ። እንደኔ ከአባቱ የወረሰው ስሙን ብቻ ነው። ማርሌ የሚለውን ስም! (እሱም ኋላ ስንት ሚሊዮን አወጣ።)

ኑዛዜ ከሌለ ሕግ ያከፋፍላል። በጃማይካ ሕግ ለሚስቱ ለሪታ 10 በመቶ፣ በሕይወት እስካለች ደግሞ የ45 በመቶው ገቢ። የቀረው ለልጆቹ፣ ከተለያዩ እናቶች ለተወለዱት 11 ልጆች። ክርክሩ ለዓመታት ተጓተተ። ለእናቱ ማያሚ የገዛላት ቤት ሳይቀር ውስጡ ገባ።

ሕጉ ክፉ ነው አልልም። ግን ልጁን ብቻዋን ያሳደገች እናት የትም እንዳትሄድ ይፈልግ እንደነበር ሕግ ከየት ይወቀው?