«ዘፋኙ ተሻለው?»

ሰሞኑን እዚህ አዳማ ፍራንኮ ወደሚባለው ቦታ የምሄደው ዙሪያ ጥምጥም ነው። አጭሩ መንገድ በጋሼ በር ያልፋል። ጋሼ የምድር ባቡር ጡረተኛ ናቸው። ከሰዓት በኋላ ወንበራቸውን ጥላ ሥር አውጥተው ይቀመጣሉ። እኔን ሲያዩ ባርኔጣቸውን ከፍ ያደርጉና፣ በሽተኛ እንደሚጠይቅ ሰው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ዘፋኙ ተሻለው?» ይሉኛል።

አጠገባቸው ዳማ የሚጫወቱት ሰዎች ይስቃሉ። አንደኛው ነገሩን እንኳን አያውቀውም። ሌላው ስለሳቀ ነው የሚስቀው። እሱ ነው የበለጠ የሚያናድደኝ።

ነገሩ የመጣው በአጎቴ ሸክላዎች ነው። አጎቴ በዘመኑ ዘናጭ ነበር። ሙዚቃ አሳታሚው አምሃ እሸቴ የሀገር ፍቅርን ሸክላ የማሳተም ሞኖፖል ተጋፍቶ እ.ኤ.አ. ከ1969 ጀምሮ ያወጣቸውን ትንንሽ ባለ 45 (በደቂቃ 45 ጊዜ የሚዞሩ) ሸክላዎች እየተከታተለ ይገዛ ነበር። ባንድ ፊት አንድ ዘፈን፣ ገልበጥ ሲያደርጉት ሌላ። ካሴት ሲመጣ ሸክላዎቹ ቁም ሳጥን ላይ ወጡ። አጎቴ ሲያርፍ ሌላው ወራሽ ቁም ሳጥኑን ወሰደ፤ ለእኔ የላዩ ደረሰኝ።

በዚሁ ሰሞን ቨርጂኒያ ያለው ያክስቴ ልጅ ደውሎ «ምን ልላክልህ?» አለ። ጤነኛ ሰው ጫማ ይላል። እኔ «የሸክላ ማጫወቻ። ግን ቆይ፣ መርጬ እነግርሃለሁ» አልኩት።

ክረምቱን ሙሉ መረጥኩ። ቴክኒክስ ኤስኤል-1200ን አየሁት። እ.ኤ.አ. በ1972 የወጣ፣ ሞተሩ በቀጥታ ሳህኑን የሚያዞር፣ ዲጄዎች ወደፊትና ወደኋላ እየፈተጉት አልበላሽም ያለ ዕቃ ነው። ናቅሁት። «የጭፈራ ቤት ዕቃ» አልኩ። እኔ የፈለግሁት ባለቺንጋውን ነው። በባለቺንጋው ሞተሩ ራቅ ብሎ ይቀመጥና ሳህኑን በጎማ ቺንጋ ያዞራል፤ ንዝረቱን ጎማው ያስቀርለታል፤ መርፌው ጋ የሚደርሰው ዘፈኑ ብቻ ነው። ይህን ሁሉ ጋራዥ ለሚሠራ ጓደኛዬ ባስረዳው፣ «ቺንጋው ሲበጠስስ?» አለኝ። አዘንኩለት።

የመርፌውም ምርጫ ራሱን የቻለ ትምህርት ነው። ሙቪንግ ኮይል የሚባለው በጣም ይመሰገናል። ግን የሚያወጣው ሲግናል ብዙ ጊዜ ግማሽ ሚሊቮልት እንኳን አይሞላም፤ እሱን የሚያጎላ ፕሪአምፕ ልግዛ ብትል ኪስህ ይራቆታል። ሙቪንግ ማግኔት የሚባለውን ሌላውን ዓይነት ያዝኩ። መርፌው ሲያልቅ መርፌውን ብቻ ነቅሎ መቀየር ይቻላል።

እስከዚህ ድረስ ሰው ነበርኩ። ያበላሸኝ ሚዛኑ ነው።

መርፌው ሸክላው ላይ የሚያርፍበት ክብደት አለው። ከቀለለ ይዘላል፣ ከከበደ ሸክላውን ያርሰዋል። የእኔ 1.75 ግራም ነው። ያክስቴ ልጅ የግራምን መቶኛ የምታነብ ትንሽ ዲጂታል ሚዛን አብሮ ላከልኝ። ቬንቲሌተር አጠፋሁ። በአዳማ ሙቀት! መስኮት ዘጋሁ፤ ምክንያቱም ከተማው ጫፍ ላይ ያሉትን እነዚያን ሁሉ የኤሌክትሪክ ማማዎች የሚያሽከረክር ነፋስ የእኔን 1.75 ዝም ብሎ አያልፈውም። እህቴ በሩን ስትከፍት 1.81። ከጅቡቲ የሚመጣ ተሳቢ ሲያልፍ ቁጥሩ ይጠፋል። ሌሊት መነሳት ጀመርኩ። ሌሊት ተሳቢው ጋብ ይላል። ላቤን እየጠረግሁ፣ ትንፋሼን ይዤ፣ 1.74። የቀረችው አንድ መቶኛ እንቅልፍ ነሳችኝ። እህቴ ለእናታችን ደውላ «ጸበል ይሂድ ወይስ ሐኪም?» ስትል ሰምቻለሁ።

ሚዛን የለመደ ሰው ደግሞ ገበያ አይሂድ። አንድ ኪሎ ሽንኩርት ገዝቼ ቤት በእህቴ የወጥ ቤት ሚዛን ስመዝነው 840 ግራም ሆኖ አገኘሁት። ተመልሼ ጠየቅሁ። «ወንድሜ፣ የአዳማ ፀሐይ እኮ ነው፤ መንገድ ላይ ደርቆብህ ነው» አለኝ። በባጃጅ አሥር ደቂቃ ነው! 160 ግራም ውሃ በአሥር ደቂቃ የሚተፋ ሽንኩርት ከሆነ ለምርምር ይላክ። የራሴን ሚዛን አምጥቼ ፊቱ ላስመዝነው ፎከርኩ። የእኔ ሚዛን ከ5 ግራም በላይ አይችልም።

ብቻ እሁድ ከሰዓት ቡና ተፈላ። ጋሼ መጡ፣ አከራያችን እትዬ መጡ፣ ጎረቤት ተሰበሰበ። መጀመሪያ ስለ ቺንጋ ገለጻ አደረግሁ። ከዚያ መርፌውን አሳረፍኩ።

ኦርኬስትራው ገባ። ሳክስፎኑ አቀበት እንደሚወጣ የጫነ መኪና ያቃስታል። ዘፋኙ ነፍሱን ይማርና አፉን ሲከፍት እትዬ አማተቡ። ያ ዓለም የሚያውቀው ቀጭን፣ የሚያብረቀርቅ ድምፅ የለም። ከጉድጓድ ውስጥ የሚያወራ ወፍራም ሰውዬ ነው።

ጋሼ ሲኒያቸውን አስቀመጡ። «ልጄ፣ ይሄ ልጅ አሞት ነው?»

«ጋሼ፣ ሸክላ እንዲህ ነው» አልኩ። «ሞቅ ያለ ድምፅ ነው።»

«ሞቅ ብሎት አይደለም። ሞቅ ሲለው እንዴት እንደሚዘፍን አውቃለሁ። ይሄ ታሟል።»

እዚህ ላይ ዝም ማለት ይቻል ነበር። እኔ ግን ቀጠልኩ። ካሴቱም ሬዲዮውም ሲያፋጥኑብን ኖረዋል፣ ትክክለኛውን ፍጥነት ገና ዛሬ መስማታችን ነው አልኩ። ዘፋኙን መድረክ ላይ ላዩ ሰው! ጋሼ ምንም አልመለሱም። ወደ እትዬ ዞር ብለው «ነፍስ ይማር ይበሉ» አሉ። እትዬም አሉ። የቤቱ ሳቅ እስካሁን ጆሮዬ ውስጥ አለ።

በማግስቱ ሰፈራችን ያለው ሬዲዮ ጠጋኝ መጣ። ሸክላ አላጫወተም፤ ዕቃውን አዙሮ ጀርባውን አነበበ። 120 ቮልት፣ 60 ኸርዝ።

«ከ220 የሚያወርድ ኮንቨርተር ገዝቻለሁ» አልኩት።

«ቮልቱን አወረደልህ። ኸርዙን ማን ይጨምርልህ?»

ነገሩ ይኸው ነው። ይህ ሞተር የሚዞረው የመብራቱን ኸርዝ፣ ማለትም በሴኮንድ የሚመላለስበትን ቁጥር፣ እየተከተለ ነው። የአሜሪካ 60፣ የእኛ 50። ከስድስት አንዱ እጅ ቀረ። በደቂቃ 45 መዞር ያለበት ሸክላ 37 ተኩል ይዞራል፤ ድምፁም አብሮ ይወርዳል። ያ የናቅሁት የጭፈራ ቤት ዕቃ እ.ኤ.አ. በ1979 በወጣው ማርክ ቱ በሚባለው ሞዴሉ ላይ ፍጥነቱን በኳርትዝ ይቆጣጠራል፤ መብራቱ 50 ሆነ 60 ግድ የለውም። መቶኛ ግራም ስቆጥር ከርሜ፣ በጀርባው የተጻፈውን ለሬዲዮ ጠጋኝ ተውኩት።

ለ50 ኸርዝ የሚሆን ወፈር ያለ ፑሊ (ቺንጋው የሚያርፍበት የሞተሩ መዘውር) እስኪመጣ ጠጋኙ ከኪሱ ጥቁር ናስትሮ አወጣና የሞተሩ ፑሊ ላይ ይጠመጥም ጀመር። ፑሊው ሲወፍር ሳህኑ ይፈጥናል። ያ ሁሉ ጥናት፣ በናስትሮ! ፍጥነቱን የሚዳኝ ሰው ሲፈለግ ከጋሼ በቀር ማን አለ? ተለምነው መጡ። ዓይናቸውን ጨፍነው አዳመጡ። «ቸኮለ» አሉ። አንድ ዙር ተላጠ። «አሁን ደክሞታል።» ግማሽ ዙር ተጨመረ። ጋሼ በጣታቸው ጉልበታቸውን እየመቱ ቆዩና «እሱ ነው» አሉ። ከዚያ በኋላ ጋሼ ሲመጡ ሦስት ስኒ ቡና እስኪጠጡ ነው የሚቀመጡት። ሰፈር ሲወጡ ግን ያው ናቸው፤ «ተሻለው?»

ያክስቴ ልጅ ፎቶ ላክልኝ አለ። ናስትሮው እንዳይታይ በአንድ ጎን አንስቼ ላክሁ። አጉልቶ አይቶታል።

«ሞተሩ ላይ ያለው ጥቁር ነገር ምንድነው?»

«ልዩ ፑሊ ነው» አልኩት። «በጆሮ የተስተካከለ።»

ትንሽ ቆይቶ መለሰልኝ። «ዋጋው ስንት ነው? ለእኔም አንድ ላክልኝ።»